ሐተታ በእንተ ጥቆማ፤ ወይም በአሰላ ከተማ ደኅና ጠላ ቤት ስለ መጠቆም

መቅድም

የአርሲን ደጋ ያልመረመረው የሙያ ዐይነት የለም ማለት ይቻላል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በምኅጻሩ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ ከተቋቋመ ወዲህ ላሚቱም፣ ስንዴውም፣ አፈሩም በየተራቸው ተጠንተዋል፤ ከአሰላ በስተ ሰሜን በምትገኘው በቁሉምሳ የተሰበሰቡት የምርምር ሊቃውንት የእህሉን ዘር ከነአያት ቅድመ አያቱ ጽፈው ይዘዋል፤ በስተ ደቡብ ያለችው በቆጂም ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ካፈራች በኋላ ምስጢሩ ከአየሩ ይሁን ከገብሱ ለማወቅ ከባሕር ማዶ ያልመጣላት ጠያቂ የለም። ይህ ሁሉ ድካም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጥናት መካከል አንድ ታላቅ ጉዳይ ተዘንግቶ ቀርቷል፤ እርሱም፣ አንድ መንገደኛ ከአዳማ ተነሥቶ፣ አቀበቱን ወጥቶ፣ አሰላ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ የጭላሎ ነፋስ በአንገቱ ገብቶ በእጅጌው ሲወጣበት፣ በመጀመሪያ ያገኘውን ሰው «ጌታዬ፣ ደኅና ነገር የሚቀመስበትና የሚጠጣበት ቤት ቢጠቁሙኝ» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የተጠየቀው ሰው ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ላልመረመረው ሰው ቀላል ይመስላል። ቤት መጠቆም ጣትን አንሥቶ አቅጣጫ ማሳየት ነው፣ ይህንንም ሕፃን ልጅ ያደርገዋል ይባል ይሆናል። እኛ ግን በትዕግሥት ስንከታተል ኖረን፣ ሲያስፈልግም ከሚጠኑት ሰዎች ጋራ ጽዋውን እየተካፈልን እንዳረጋገጥነው፣ በአርሲ ደጋ ጠላ ቤት መጠቆም የራሱ ሥርዐት፣ የራሱ መዓርግና የራሱ ትርጓሜ ያለው፣ ከሽምግልና በታች፣ ቀጠሮ ከማክበር ግን እጅግ በላይ የሚቈጠር ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ምልክት፣ ቀጥሎ ስለ ጠላው፣ ከዚያም ስለ ጠቋሚው፣ በመጨረሻ ደግሞ ስለ ጠጅ ቤትና ስለ አረቄ ቤት በየምዕራፋቸው እንናገራለን፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድና ጠላው ባያልቅ።

ምዕራፍ አንደኛ፤ ቤቱ ስለሚታወቅበት ምልክት

በእንግሊዝ አገር በየመንደሩ ያለው የመጠጥ ቤት ሥዕል የተሳለበት ሰሌዳ በደጃፉ ይሰቀልለታል፤ በሰሌዳውም ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ አንበሳ ወይም ዘውድ ይታያል። ይህን ልማድ ካጸኑት ነገሮች አንዱ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1393 ዓ.ም. ጠላ ጠምቆ የሚሸጥ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል ያወጣው ትእዛዝ ነው ይባላል። ከዚያም በፊት ቢሆን ጠማቂዎቹ፣ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩና፣ ጠላው መድረሱን ለጎረቤት የሚያስታውቁት ረዥም እንጨት ከነቅጠሉ በደጃፋቸው በማቆም ነበር። ይህን ታሪክ የሚሰማ የአሰላ ሰው አይደነቅም፤ እንጨቱን በየቀኑ ያየዋልና። በአሰላም ሆነ በሳጉሬ፣ በኢተያም ሆነ በሁሩታ ጠላ ቤት ሰሌዳ የለውም፣ በአዋጅ የወጣለት ስምም የለውም፤ «የእንትና እናት ቤት» ወይም «ሁለት በር ያላት ቤት» ተብሎ ይጠራል፤ በተረፈ ያለው ምልክት ከአጥሩ ጥግ የቆመ አንድ እንጨትና በእንጨቱ ጫፍ ላይ የተደፋ አንድ ጣሳ ነው።

ስለዚህ ጣሳ የአገሩ ሊቃውንት ብዙ ትርጓሜ ይሰጣሉ። ጣሳው ስለ ምን ተደፋ ቢሉ፣ ዝናብ እንዳይሞላበት። አንድም፣ ጠጥተህ ስትጨርስ እንዲህ ደፍተህ ታሳያለህ ሲል። አንድም፣ ለጊዜው የተደፋሁት እኔ ነኝ፣ ሲመሽ ደግሞ ማን እንደሚደፋ እናያለን ሲል። ስለ ምን ከፍ ብሎ ተሰቀለ ቢሉ፣ ከሩቅ እንዲታይ። አንድም፣ የቤቱ ልጆች አውርደው ኳስ እንዳያደርጉት፤ ይህም የኋለኛው ትርጓሜ የበለጠ ይጠነክራል። በዐይነቱም የተለያየ ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ከተሰቀለበት ቤት ጠላው ይቀጥናል የሚሉ አሉ። የወተት ዱቄት ጣሳ የተሰቀለበት ቤት ሕፃን ስላለበት በጊዜ ይዘጋል የሚሉም አሉ። የቀለም ጣሳ የሰቀለ ቤት ግን ባልየው ቀለም ቀቢ ስለ ሆነ ግድግዳው ያማረ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ልናረጋግጥ ሄደን፣ ግድግዳው እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ በጭቃ የተመረገ ሆኖ ስላገኘነው ከጥናቱ አውጥተነዋል።

ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ከእንጨቱ ይወርዳል የሚል ሕግ መኖሩ የታወቀ ነው። በአሰላ ግን አንድ ጊዜ የተሰቀለን ጣሳ ሲያወርድ የታየው ነፋስ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ጣሳውን አምኖ የገባ እንግዳ «ትላንት አለቀ፣ ነገ ይደርሳል» የሚል ቃል ሰምቶ ይወጣል። ጠቋሚ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጣሳው የሚመሰክረው በዚህ ቤት ጠላ ተጠምቆ እንደ ነበረ ነው፣ ዛሬ ስለ መኖሩና ስለ መልካምነቱ ግን ሊመሰክር የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ምዕራፍ ሁለተኛ፤ ስለ ጠላውና ከጠላው ጋራ ስለሚቀርበው

ጠቋሚው የሚመሰክርለትን ነገር ለመረዳት የጠላውን አመጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ይጠነሰስና ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅሉና ቂጣው ይገባበታል፤ ተቈልቶ የተፈጨው ገብስ ደግሞ በተራው ተጨምሮ ድፍድፉ ይዘጋጃል፤ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ አፉ ይከደናል። በቆላ ሙቀቱ የሚያፋጥነው ጠላ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በአሰላ እንደ ልብ አይቸኩልም፤ ክረምት በሆነ ጊዜማ ባለቤቲቱ ለራሷ ያልደረበችውን ጋቢ ለጋኑ ደርባለት ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። ሲደርስ ሳይጠልል የተቀዳው ጉሽ ይባላል፤ ከጠለለው በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ደግሞ ቅራሪ ነው። ቅራሪ ለልጆች፣ ለእርሻ ሠራተኞች፣ በአንዳንድ ቤት ደግሞ በጣም መሽቶ ለሚመጣና መለየት ለተሳነው እንግዳ ይሰጣል።

በዚህ ከተማ ስለ ብቅል ሲነገር ፋብሪካውን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የአርሲንና የባሌን ገበሬ የቢራ ገብስ እየተቀበለ፣ አብቅሎና አድርቆ ለቢራ ጠማቂዎች ሲልክ ኖሯል፤ ስለዚህ ቤካና ሆልከር የተባሉት የገብስ ዘሮች ከጭላሎ ሥር በቅለው፣ በሩቅ ከተማ ጠርሙስ ገብተው፣ ስማቸውንና ዋጋቸውን ለውጠው ወደ አሰላ ሲመለሱ የዘራቸው ገበሬ አያውቃቸውም። ባለቤቲቱ ግን ገብሷን በጓዳዋ ትነክራለች፣ በቅጠል ሸፍና ታበቅላለች፣ በፀሐይ ታደርቃለች፤ ፋብሪካው በሙቀት መለኪያ የሚያውቀውን እርሷ በመዳፏ ታውቀዋለች፤ ብትጠየቅም «እንዲያው ይታወቃል» ከማለት በቀር ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ አታቀርብም። በጋን ፋንታ ስለመጣው የፕላስቲክ በርሜል በዚህ ሐተታ ምንም አንናገርም። በወይራ ቢያጥኑት ይቀልጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የምግቡ ጉዳይ አጭር ነው። ጠላ ቤት ቆሎ አለ፣ ንፍሮ አለ፣ በሚጥሚጣ የሚበላ የተቀቀለ ድንች አለ፤ ሥጋ ያማረው ወደ ሥጋ ቤት ይሄዳል፤ ረቡዕና ዐርብ ደግሞ የትም አይሄድም። የአርሲ ሰው የሚኰራበት ጭኮ፣ የተቈላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ የሚታሸው ማለት ነው፣ ዋና መኖሪያው የሰው ጓዳ ስለ ሆነ፣ ያንን ለማግኘት የሚያስፈልገው ጥቆማ ሳይሆን ዝምድና ነው።

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች የጠላውን ጥሩነት እየቀመሰ የሚፈርድ አንድ ሹም ይሾም ነበር። በአሰላ ይህ ሹመት ለማንም ተለይቶ ስላልተሰጠ፣ ከተማው ሁሉ ያለ ደመወዝ በየበኩሉ ሲሠራበት ይኖራል። እነዚህን ሹማምንት ነው እንግዲህ ጠቋሚዎች ብለን የምናጠናቸው።

ምዕራፍ ሦስተኛ፤ ስለ ጠቋሚዎች ክፍል

ጠቋሚዎች አምስት ወገን ናቸው።

የመጀመሪያው በአገጭ ጠቋሚ ነው። ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ እጁን ከጋቢው ውስጥ ማውጣት አይወድም፤ ስለዚህ አገጩን ወደ ላይ ያነሣና «እዚያ ነው፣ ቅርብ ነው» ይላል። በአገጭ የተጠቆመ ቤት በሁለት መንገዶችና በአንድ ወንዝ መካከል የሚገኝ ማንኛውም ቤት ሊሆን ይችላል። «ቅርብ ነው» የሚለውንም ቃል የሰማ እንግዳ፣ ይህች ምድር ትምህርት ቤቱ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረውን፣ ሲመለስም ያንኑ ይደግም የነበረውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያሳደገች መሆኗን ማስታወስ ይገባዋል። ኃይሌ በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈበት የ10000 ሜትር ሩጫ በአገሩ ሰው መለኪያ ቅርብ ነው።

ሁለተኛው በነቀፋ ጠቋሚ ነው። ይህ ሰው ወዴት እንደሚገባ አይናገርም፤ ወዴት እንደማይገባ ብቻ ይናገራል። «እዚያ እንዳይገቡ፣ ጌሾው ይበዛል፤ እዚያም እንዳይገቡ፣ ውኃው ይበዛል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለችውማ ሰው የሚገባው ለዕዳው ነው» እያለ የከተማውን ጠላ ቤቶች አንድ በአንድ ካወጣ በኋላ ሳይነቀፍ የሚቀረው አንድ ቤት ብቻ ይሆናል። ያ ቤት የሚስቱ እኅት ቤት ነው።

ሦስተኛው ሸሻጊ ጠቋሚ ነው። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ «ዘንድሮ በአሰላ ደኅና ጠላ የለም፣ ወንድሜ፤ ቢራ ይሻልዎታል» ይላል። ምክንያቱ ንፍገት አይደለም። ጋኑ አንድ ነው፣ ጠጪዎቹ ይታወቃሉ፣ በዚህ ላይ እንግዳ ሲጨመር ለነገው ጉሽ የሚተርፈውን በልቡ አስልቶታል። ሂሳቡ ትክክል ስለ ሆነ አንወቅሰውም።

አራተኛው የማይጠጣው ጠቋሚ ነው። እርሱም ሃይማኖቱ መጠጥ የሚከለክለው፣ ከጥዋት እስከ ማታ ግን ጠጪውን ሲያመላልስ የሚውል የባጃጅ ነጂ ነው። በሕይወቱ ቃሪቦና ብርዝ እንጂ ሌላ ቀምሶ አያውቅም፤ ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ የሚታመነው የእርሱ ምስክርነት ነው፤ ሌሎቹ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሰው ሲያዩ እርሱ የሚያየው የሚወጣውን ነውና። «ከዚያኛው ቤት የጫንኩት ሰው በሂሳብ አይከራከርም፣ ሰፈሩንም ያውቀዋል፤ ከዚህኛው የጫንኩት ግን ያንን ቀን ጫማውን ትቶልኝ ወረደ» ብሎ ሲናገር፣ ከዚህ የበለጠ ሚዛን ያለው ፍርድ በየትኛውም ሸንጎ ተሰጥቶ አያውቅም። ጥያቄ ቢቀርብለት ኦቦ እገሌና አዴ እገሊት ሳይል፣ ለዘመድ ሳያዳላ፣ ለጎረቤት ሳይራራ ይመልሳል። ሳይንስ የሚፈልገው ምስክር ይህ ነበር፤ ችግሩ ግን ከደጃፉ አያልፍም።

አምስተኛው በእግር ጠቋሚ፣ ባጭሩ አድራሽ የሚባለው ነው። የቀደሙትን አራቱን በአንድ ምዕራፍ ጠቅልለን ያለፍናቸው ይህን ለማግኘት ነው።

ምዕራፍ አራተኛ፤ ስለ አድራሽ

አድራሽ ማለት «የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ይምጡ፣ ላድርስዎ» የሚለው ነው። ይህም በሦስት ይከፈላል፦ እስከ መንገድ ማዕዘን የሚያደርስ፣ እስከ ደጃፍ የሚያደርስ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የማይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሽማግሌዎች ትረካ ይነገራሉ እንጂ በዘመናችን ያያቸው ሰው የለም። ስለዚህ ጥናታችን በሦስተኛው፣ በዋናው በማይቀመጠው አድራሽ ላይ ይረጋል።

የማይቀመጥ አድራሽ ገና ከመነሻው «እኔ ግን አልቀመጥም፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ያስታውቃል። ይህ ቃል ሳይነገር የተጀመረ ማድረስ ሥርዐት የጎደለው ነው፤ ሰውየው ለመጠጣት የወጣ ያስመስላልና። አባቶቻችን የመነኮሳትን የትሩፋት ጉዞ በዐሥር መዓርጋት እንደ ከፈሉት፣ እኛም ያለመቀመጥን መንገድ ብንመረምረው ሰባት መዓርጋት ያሉት ሆኖ አግኝተነዋል።

አንደኛው መዓርገ መንገድ ነው። አድራሹ ከፊት ይቀድማል፤ እንግዳው ግን ሊከተለው አይቸገርም፣ በየእርምጃው ሰላምታ ለመስጠት ይቆማልና። የሚያገኘው ሁሉ «ይህ ማነው?» ሲለው፣ ስሙን እንኳ ያልጠየቀውን ሰው «የእኛው ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» ብሎ ያስተዋውቀዋል። ቤቱ ዘንድ እስኪደርሱ እንግዳው ሦስት የለቅሶ መርዶ፣ የአንድ መሬት ክርክርና የዘንድሮውን የገብስ ዋጋ ያውቃል።

ሁለተኛው መዓርገ ደጃፍ ነው። አድራሹ ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ «ግቡ፣ ግቡ!» ሲባል «የለም፣ አልገባም፤ እንግዳ አምጥቼልዎት ነው፣ እማማ፣ ከደኅናው ይቅዱለት» ይላል። እማማም ከደኅናው ሌላ በቤታቸው እንዳለ መጠርጠሩ አስቀይሟቸው «እኔ ቤት ምን ክፉ አለ? ገብተህ ራስህ አትቀምስም?» ሲሉት፣ ጉዳዩ የክብር ክርክር ሆኗልና ከደጃፍ ሆኖ መመለስ አይቻልም።

ሦስተኛው መዓርገ ቁመት ነው። አድራሹ ገብቷል፤ ነገር ግን ቆሟል። የሚቆመውም ከቤቱ መካከል፣ ቀጂዋ ከጋኑ ወደ ጠጪዎቹ በምታልፍበት መንገድ ላይ ነው። ተቀማጮቹ በሙሉ ብድግ እያሉ «ኧረ እዚህ ጋ! ኧረ በሞቴ!» ይላሉ፤ እርሱ ግን «ኧረ ተቀመጡ፣ በእግዜር! እኔስ መሄዴ ነው» ይላል። የተናገረውን በተናገረበት ቦታ ላይ ሆኖ ይደግመዋል።

አራተኛው መዓርገ ምሰሶ ነው። አንድ ትከሻው ምሰሶውን አገኘ። ይህ ገና መቆም ነው።

አምስተኛው መዓርገ ቅምሻ ነው። እማማ ጣሳውን ሞልተው፣ ከላዩ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው በፊቱ ከቀመሱለት በኋላ «ይህችን ቅመስና ሂድ» ብለው ያቀርቡለታል። ሴት ወይዘሮ የቀመሱለትን ጣሳ መመለስ በዚህ አገር ከስድብ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ይቀበላል። በዚህ ላይ የሚሠራው ሕግ «ቆሞ የጠጣ አልጠጣም» የሚል ሲሆን፣ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ ባይገኝም ከመዓርገ ምሰሶ ጀምሮ ያለ ተቃውሞ ይሠራበታል። ሁለተኛውም ጣሳ በዚሁ ሕግ መሠረት አልተጠጣም።

ስድስተኛው መዓርገ ጫፍ ነው። አድራሹ ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ በአንድ ወገኑ ብቻ ያርፋል፤ ኮቱን አልፈታም፣ ባርኔጣውን አላወለቀም፣ ጉልበቱን ወደ በሩ አዙሯል። «ተቀመጥክ እኮ!» ያለው ሰው ቢኖር «የት ተቀመጥኩ?» ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰውም በከፊል እውነት እንዳለው ይመሰክራል። ከአምስተኛውና ከሰባተኛው መዓርግ መካከል ያለው ይህ ጊዜ እጅግ አጭር ነው ተብሎ ቢገመትም፣ በእኛ ምልከታ ከዚህ ጫፍ ሳይነሡም ሳይደላደሉም ማታውን የፈጸሙ ጽኑዓን ታይተዋል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው መዓርገ ዕረፍት ነው። ባርኔጣው በችንካሩ ላይ ይሰቀላል። ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ፣ ስለ ሰዓቱና ስለሚጠብቀው ሰው አንዳች አይነሣም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ታዲያ የሚጠብቀው ሰው ምን ሆነ? አድራሹ ዋሽቷልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛም በዚህ ነጥብ ብዙ ደክመናል። መልሱ የተገኘው ከቤቱ ጥግ፣ ከጋኑ ጎን፣ ሦስተኛ ጣሳውን ይዞ ከተቀመጠው ዝምተኛ ሰው ዘንድ ነው፤ አድራሹ ባርኔጣውን በሰቀለ ጊዜ ይህ ሰው ቀና ብሎ «ምነው ቆየህ? ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ስጠብቅህ!» አለው። አድራሹ እንግዲህ እውነተኛ ሰው ነው። ሰው እየጠበቀው ነበር።

የመክፈል ነገር ከዚህ ይከተላል። እንግዳው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አድራሹ እጁን ይይዘዋል፤ «በአገሬ?» ይላል። እንግዳው «እኔ አይደለሁም ወይ ያስቸገርኩዎ?» ይላል። የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከጥጉ ተነሥቶ የሁለቱንም እጅ ይይዛል። ሦስት ሰዎች ስድስት እጆቻቸውን አጣምረው ሲታገሉ ቢታዩ ጠብ የሚመስለው ያገሩን ልማድ የማያውቅ ብቻ ነው፤ እማማም ይህን ሁሉ ከምድጃው ዳር እያዩ ለመገላገል አይነሡም፤ ማን ቢያሸንፍ ገንዘቡ ወደ መቀነታቸው እንደሚመጣ ያውቃሉ። እንግዳው ባለመክፈሉ ያዘነ እንደ ሆነም «ነገ ይከፍላሉ» ይሉታል፤ ይህም ሂሳብን የሚመለከት ቢመስልም ነገም መምጣት አለብህ የሚል ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ አድራሹ መንገዱን ሄደ፣ ጊዜውን ሰጠ፣ ሂሳቡንም ከፈለ። ትርፉ ምንድር ነው? የንግድ ዐዋቂዎች እንደሚሉት ከባለቤቲቱ የሚቀበለው ነገር ይኖር እንደ ሆነ ብለን መርምረን ከአንድ እፍኝ ቆሎ በቀር አላገኘንም። ለመጠጣት ሰበብ ፈልጎ ነው የሚል መላ ምትም አቅርበን ነበር፤ ነገር ግን ያለ ሰበብ የሚጠጣባቸውን ቀኖች ስንቈጥር ሰበብ የማያሻው ሰው ሆኖ አገኘነው። ብዙ ካወጣንና ካወረድን በኋላ የቀረን ምክንያት አንድ ነው፤ እርሱም ከሳይንስ ይልቅ ለይሉኝታ የቀረበ በመሆኑ ስንጽፈው ጥቂት እናፍራለን። በዚህ ደጋ እንግዳ ሰው ብቻውን ጥግ ተቀምጦ፣ የሚያጫውተው አጥቶ፣ ጣሳውን እያየ ሲጠጣ ቢገኝ፣ የሚያፍረው እንግዳው አይደለም፣ አገሬው ነው። ቤቱን መጠቆም ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ጠላው ደኅና የሚሆነው ከጎን «ይጨመርለት እንጂ!» የሚል ሰው ሲኖር ነውና፣ አድራሹ የጎደለውን የቤቱን ዕቃ በራሱ እግር ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ምዕራፍ አምስተኛና ስድስተኛ፤ ስለ ጠጅ ቤትና ስለ አረቄ ቤት

ጠጅ ቤት ብርሌ አለው። አረቄ ቤት መለኪያ አለው። አድራሹ ያው ነው።

ምዕራፍ ሰባተኛ፤ አንባቢ ስለሚያቀርበው ክስ

አንባቢ እዚህ ከደረሰ በኋላ «ይህን ሁሉ ምዕራፍ አንብቤ አንድ ቤት እንኳ አልተጠቆመልኝም» ብሎ ቢቈጣ ይገባዋል። ስለዚህ ያየናቸውን ሁሉ ከመዘንን በኋላ ያለ አድልዎ የመረጥነውን አንዱን ቤት፣ አቀማመጡን ሳናዛባ፣ እንደሚከተለው እናመለክታለን። ከመናኸሪያው ወጥተው ጭላሎን ከፊትዎ አድርገው ጥቂት ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ አንድ ባሕር ዛፍ ያገኛሉ፣ እርሱን ትተው ሁለተኛውን ይይዛሉ፤ ጣሳ የተሰቀለበት አጥር ያያሉ፣ እርሱ አይደለም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ጣሳው የወደቀበት አጥር አለ፣ በእርሱና ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ መካከል ቀጭን መንገድ ትወርዳለች፤ በዚያች ወርደው፣ በስተ ቀኝ በኩል...

የለም፤ እንዲህ አይገኝም። ይነሡ፣ ላድርስዎ። ቅርብ ነው። እኔ ግን አልቀመጥም፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው።